የባሚያን ሸለቆ፦ ከሐውልቶቹ በፊትም በኋላም



አስተማሪ በነበርኩበት ጊዜ አንድ ተማሪ የጠየቀኝን ጥያቄ እስካሁን አልረሳሁትም። ነቢዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ) ጣዖታቱን ስለሰበሩበት ታሪክ እየተነጋገርን ሳለ እጁን አወጣና «ኡስታዝ፣ ታዲያ አፍጋኒስታን ውስጥ እነዚያን ትላልቅ ሐውልቶች ያፈረሱት ሰዎች ምን አጠፉ?» አለኝ። የሰጠሁት መልስ አጭርና ደካማ ነበር። እውነቱን ለመናገር ደወል ሲደወል ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ቦታው ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ቆይቻለሁ። ሄጄ በዓይኔ አላየሁትም፤ ግን እያነበብኩ ስሄድ ሐውልቶቹ የአንድ ሰፊ ታሪክ ቁራጭ ብቻ እንደሆኑ ገባኝ። የልጁንም ጥያቄ አሁን ከያኔው በተሻለ የምመልሰው ይመስለኛል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባሚያን የሚገኘው በማዕከላዊ አፍጋኒስታን፣ ከዋና ከተማዋ ከካቡል በስተ ምዕራብ ነው። በሰሜን የሂንዱ ኩሽ፣ በደቡብ ደግሞ የኮሂ ባባ ተራሮች አጥረውታል። የሸለቆው ወለል ራሱ ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነው፤ ከአዲስ አበባ ጥቂት ይበልጣል ማለት ነው። የኮሂ ባባ ጫፎች ወደ 5,000 ሜትር ይጠጋሉ። ክረምቱ ከባድ ስለሆነ በረዶ መንገዱን ለረጅም ጊዜ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ያ በረዶ በሞቃቱ ወራት እየቀለጠ ይወርድና ሸለቆውን ያጠጣል። ዙሪያው ደረቅና ቡናማ ተራራ ሆኖ ሳለ መካከሉ ለምለም ነው፤ ስንዴ፣ ገብስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ድንች ይመረትበታል። የባሚያን ድንች በአፍጋኒስታን ገበያ ስሙ የታወቀ ነው። የእኛ ደገኛ ገበሬ እዚያ ቢሄድ እርሻው ብዙም እንግዳ የሚሆንበት አይመስለኝም።

ዛሬ ሩቅ የምንለው ይህ ቦታ በጥንት ዘመን የመንገድ መካከል ነበር። ከሕንድ ወደ መካከለኛው እስያና ወደ ቻይና የሚያልፈው የሐር መንገድ ቅርንጫፍ በዚህ ሸለቆ ያልፍ ስለነበር ነጋዴው ከብዙ መተላለፊያ በኋላ የሚያርፍበት፣ ከብቶቹን የሚያጠጣበት ቦታ ነበር። ከነጋዴዎቹ ጋር የቡድሃ እምነት ገባ። መነኮሳቱ በሰሜኑ ገደል ላይ 1,000 የሚያህሉ ዋሻዎችን ፈለፈሉ፤ ከገደሉም ሁለት ግዙፍ ሐውልቶች ጠርበው አወጡ። አንደኛው 55 ሜትር፣ ሁለተኛው 38 ሜትር ቁመት ነበራቸው። አካላቸው ከራሱ ከገደሉ ድንጋይ የተጠረበ ነው፤ የልብሳቸው እጥፋት ግን ከጭድ ጋር በተቦካ ጭቃ ተሠርቶ በላዩ ተለስኖና ቀለም ተቀብቶ ነበር። የጭቃው ጭድ ሲመረመር ትንሹ በ6ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽና መጨረሻ መካከል፣ ትልቁ ደግሞ ከ6ኛው መጨረሻ እስከ 7ኛው አጋማሽ ባለው ጊዜ እንደተሠሩ ታውቋል። ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) የተወለዱትና የተላኩት በዚሁ ዘመን ነው። ቻይናዊው መነኩሴ ሹዋንዛንግ በ630 ገደማ በባሚያን ሲያልፍ በወርቅና በጌጥ የሚያብለጨልጭ ሐውልት እንዳየ ጽፏል። ያን ጊዜ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሂጅራ ገና ስምንት ዓመት ገደማ ነበር።

ዋሻዎቹ ውስጥ የግድግዳ ሥዕሎች አሉ። በ2008 ይፋ የሆነ ምርምር አንዳንዶቹ በዘይት በተለወሰ ቀለም የተሣሉ መሆናቸውን አሳይቷል። የዘይት ቀለም የአውሮፓ ፈጠራ ነው ተብሎ ስንማር የኖርን ሰዎች አውሮፓውያን ሠዓሊዎች ሳይጀምሩት ብዙ መቶ ዓመታት ቀደም ብሎ እዚህ ተራራ ውስጥ ይሠራበት እንደነበር ማወቃችን ጥሩ ነው።

እስልምና ወደ ባሚያን የገባው ቀስ ብሎ ነው። የአካባቢው ገዥ በ8ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐባሲያ ኸሊፋዎች ዘመን እንደሰለመ ይጠቀሳል። ሕዝቡ ግን በአንድ ጀምበር አልተለወጠም። በ870 ገደማ የሰፋሪዩ መሪ የዕቁብ ኢብኑል ለይስ ቤተ መቅደሱን ወርሮ ጣዖታቱን ወስዷል፤ ስለዚህ «ሙስሊሞች እዚያ ምንም ነክተው አያውቁም» ማለት ስህተት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ነው የሚያስገርመው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የጉር ሥርወ መንግሥት አንድ ቅርንጫፍ ባሚያንን መናገሻው አደረገ። ሙስሊም ሱልጣኖች፣ ቃዲዎች፣ ዑለሞች ከእነዚህ ሐውልቶች ፊት ለፊት ኖሩ። ታላቁ ሊቅ አል-ቢሩኒ ስለ ሁለቱ ሐውልቶች የሚነገረውን ተረት ወደ ዐረብኛ መልሶ ጽፏል። በጊዜ ብዛት የቡድሃ አምላኪ ከአካባቢው ጠፋ፤ ሐውልቶቹም የማን ምስል እንደሆኑ ተረሳ። ሕዝቡ ትልቁን ሰልሳል፣ ትንሹን ሻህማማ ብሎ ሰየማቸውና ሳይጋቡ የቀሩ ሁለት ፍቅረኞች አደረጋቸው።

በሸለቆው ላይ የደረሰው ትልቁ ጥፋት ግን የመጣው በሐውልት ምክንያት አይደለም። በ1221 (618 ዓመተ ሂጅራ) የጄንጊስ ኻን ጦር ደረሰ። በውጊያው የጄንጊስ ኻን የልጅ ልጅ ሙቱካን ተገደለ። አያትየው በሐዘኑ ሰው ቢሆን እንስሳ ምንም ነፍስ እንዳይተርፍ፣ ምርኮም እንዳይወሰድ አዘዘ። ከዛሬዋ ከተማ አጠገብ ባለ ኮረብታ ላይ የፈረሰ ከተማ ይታያል፤ ስሙ ሻህሪ ጎልጎላ ነው፣ የጩኸት ከተማ ማለት። ሰዉ ሲታረድ የተሰማውን ጩኸት ለማስታወስ ነው የተባለው። የአገሩ ሰዎች ሲተርኩ የንጉሡ ልጅ በአባቷ ተቆጥታ የምሽጉ ውኃ በድብቅ የሚገባበትን ቦታ ለሞንጎሎቹ ጠቆመች፤ እነሱም ከተማዋን ከያዙ በኋላ «አባቷን የከዳች ለእኛ አትሆንም» ብለው ገደሏት ይላሉ። ይህ ተረት ነው፤ ፍርስራሹ ግን እውነት ነው። ወደ ላይ የሚወጣ ሰው በአንድ በኩል በረዶ የለበሱ ተራሮችን፣ በሌላው የሐውልቶቹን ገደል፣ ከሥሩ ደግሞ የድንች ማሳውን ያያል።

ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ፣ ሁለት ወንዞች ከሚገናኙበት ቀይ ገደል ላይ ሌላ ምሽግ አለ፤ ሻህሪ ዞሃክ ወይም ቀዩ ከተማ ይባላል። ስሙ የመጣው በፋርስ አፈ ታሪክ ትከሻው ላይ እባቦች ከበቀሉበት ጨካኝ ንጉሥ ነው። በምዕራብ በኩል ደግሞ የዘንዶው ሸለቆ የሚሉት ቦታ አለ፤ ረጅም ድንጋይ ላይ ስንጥቅ ይታያል፣ ከውስጡም የማዕድን ውኃ ይንጠባጠባል። ሕዝቡ ዐሊይ (ረ.ዐ) በሰይፋቸው ዘንዶውን የሰነጠቁበት ነው፣ ውኃው የዘንዶው እንባ ነው ይላል። ዐሊይ (ረ.ዐ) ወደዚያ አገር መሄዳቸውን የሚያሳይ የታሪክ ማስረጃ የለም። ቢሆንም እንዲህ ያለው ተረት የአካባቢው ሰው እስልምናን እንዴት አድርጎ ከራሱ ድንጋይና ምንጭ ጋር እንዳስተሳሰረው ያሳያል።

አሁን ወደ ተማሪዬ ጥያቄ ልመለስ። የታሊባን መሪ ሙላህ ዑመር በ1999 ሐውልቶቹ እንዲጠበቁ ትእዛዝ ሰጥተው ነበር፤ ምክንያታቸውም በአገሪቱ የሚያመልካቸው ቡድሂስት አለመኖሩ ነው። በየካቲት 2001 ግን ይህንኑ ትእዛዝ ገልብጠው እንዲፈርሱ አዘዙ። በመጋቢት በመድፍና በፀረ አውሮፕላን መሣሪያ ተተኮሰባቸው፤ አልወድቅ ሲሉ ፈንጂ እየተቀበረ ሳምንታት ወስዶ ፈረሱ። ፈንጂውን እንዲያስቀምጡ ተገደው እንደነበር በኋላ የተናገሩ የአካባቢው ሰዎች አሉ። ሸይኽ ዩሱፍ አል-ቀረዳዊና የግብፅ ሙፍቲ የነበሩት ሸይኽ ነስር ፈሪድ ዋሲል ያሉበት የዑለማ ልዑክ ወደ ቃንደሃር ሄዶ ሊያሳምናቸው ሞክሮ አልተሳካለትም።

የልዑኩ ሐሳብ ከሚታወቀው ነገር የተነሳ ነው፦ ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ) ግብፅን ሲከፍቱ ሶሐቦች የፈርዖኖቹን ሕንጻና ሐውልት አላፈረሱም። ለዚህ «ያኔ ብዙዎቹ በአሸዋ ተቀብረው ነበር» ብለው የሚመልሱ ዑለሞች አሉ፤ ክርክሩን አልንቀውም። ባሚያን ላይ ግን አሸዋ የለም። 55 ሜትር የቆመ ነገር ከሸለቆው ሁሉ ይታያል። ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ እዚያ የኖሩት ሙስሊሞች፣ ፊቅህ የተማሩት ጭምር፣ በየቀኑ እያዩት ትተውታል። ነቢዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ) የሰበሩት ሕዝባቸው የሚሰግድለትን ነበር። በባሚያን በ2001 ለሰልሳል የሚሰግድ አንድ ሰው አልነበረም። ያኔ ለተማሪዬ ማለት የነበረብኝ ይህንን ነበር።

ሌላም ማለት የነበረብኝ ነገር አለ። ሐውልቶቹ ከመፍረሳቸው ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በጥር 2001፣ በዚያው በባሚያን ግዛት ያከውላንግ በምትባል ወረዳ የታሊባን ኃይሎች ሲቪል ወንዶችን ሰብስበው ረሸኑ። የሰብዓዊ መብት ተከራካሪዎች ቢያንስ 170 ሰዎች መገደላቸውን መዝግበዋል። ሟቾቹ በአብዛኛው ሐዛራዎች ነበሩ። የዓለም መገናኛ ብዙኃን ለሐውልቶቹ የሰጠውን ቦታ ያህል ለእነዚህ ሰዎች አልሰጠም፤ እኛም ሙስሊሞች ስለ ሐውልት ብይን ስንከራከር የፈሰሰውን የሙስሊም ደም ብዙዎቻችን አልሰማንም።

ሐዛራዎች የሸለቆው ዋና ነዋሪዎች ናቸው። የሚናገሩት የፋርስኛ ዘዬ ነው፤ አብዛኞቹ የሺዓ ተከታዮች ናቸው። በ1890ዎቹ አሚር ዐብዱረሕማን ኻን ባካሄዱባቸው ጦርነት እጅግ ብዙ ሕዝብ አልቋል፣ ተሰዷል፣ ለባርነት ተሽጧል፤ መሬታቸውም ተወስዷል። ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ የተናቁ የቀን ሠራተኞች ተደርገው ታይተዋል። በጦርነቱ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች መነኮሳቱ በፈለፈሏቸው ዋሻዎች ውስጥ መኖሪያ አድርገው ከርመዋል። እንግዳ የሚያየው ቅርስ ለእነሱ ጣሪያ ነበር። በ2005 ሐቢባ ሰራቢ የባሚያን አስተዳዳሪ ሆነው ሲሾሙ በአፍጋኒስታን የመጀመሪያዋ ሴት የክፍለ ሀገር ገዥ ነበሩ።

ሸለቆው በ2003 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ በዚያው ቀን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶችም ተቆጠረ። ሐውልቶቹን መልሶ የመገንባት ሐሳብ ሲነሳና ሲወድቅ ቆይቷል። ለእኔ ባዶዎቹ መቆሚያዎች እንዳሉ ቢቀመጡ ይሻላል፤ አዲስ ምስል ማቆም ለእኛ ለሙስሊሞች ሌላ ጥያቄ ነው፣ የተፈጸመውንም ይሸፍናል።

ከባሚያን ከተማ በስተ ምዕራብ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲነዱ ደግሞ ባንዲ አሚር ይደረሳል። በ3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ በደረቅ ተራሮች መካከል፣ ስድስት ጥልቅ ሰማያዊ ሐይቆች ተከታትለው ይገኛሉ። የሚገድባቸው ግድግዳ ሰው የሠራው አይደለም፤ በውኃው ውስጥ የሟሟው ኖራ እየረጋ በብዙ ሺህ ዓመታት የገነባው ነው። ውኃው ከአንዱ ሐይቅ ሞልቶ እየፈሰሰ ወደ ሌላው ይወርዳል። ስሞቹ ደስ ይላሉ፦ ዙልፊቃር የዐሊይ (ረ.ዐ) ሰይፍ ነው፣ ቀንበር አገልጋያቸው፣ ፓኒር አይብ፣ ፑዲና ናና። አሚር የሚለው ራሱ ዐሊይን (ረ.ዐ) ለማለት ነው። ቦታው በ2009 የአገሪቱ የመጀመሪያ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። የአፍጋን ቤተሰቦች ለሽርሽር የሚሄዱበት ቦታ ነበር። በነሐሴ 2023 ግን ባለሥልጣናቱ ሒጃብን በአግባቡ አልለበሱም በሚል ሴቶች ወደ ፓርኩ እንዳይገቡ ከለከሉ። እናትና ሴት ልጅ ከበር የሚቀሩበት የቤተሰብ ሽርሽር ምን ዓይነት እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ለመሄድ የሚያስብ ካለ፣ ከካቡል የሚወስዱት መንገዶች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው በሺባር፣ ሌላው በሐጂጋክ መተላለፊያ ያልፋል። ሁለቱም ከፍተኛ ስለሆኑ ክረምት አይመከርም፤ ጥሩው ጊዜ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ነው። አሁን በሥልጣን ላይ ያለው ታሊባን ራሱ ለሐውልቶቹ ባዶ ቦታ ጎብኚዎችን በትኬት ያስገባል። ባሚያን ከሌሎች የአፍጋኒስታን አካባቢዎች ይልቅ ሰላማዊ ሲባል ቢቆይም በግንቦት 2024 ታጣቂዎች ገበያው ውስጥ ተኩስ ከፍተው ሦስት የስፔን ቱሪስቶችንና አብረዋቸው የነበሩ አፍጋናውያንን ገድለዋል፤ ኃላፊነቱን የወሰደው አይሲስ ነው። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት በዚያ ሳምንት ያለውን ሁኔታ አጣርቱ። ፈንጂ ያልተነሳበት ቦታ ሊኖር ስለሚችል ከተለመደው የእግር መንገድ አትውጡ፤ በተለይ በጎልጎላና በዞሃክ ኮረብታዎች ላይ የአካባቢውን ሰው ሳትይዙ አትውጡ።