የልብ ምት ሲዛባ

ልብ የሰውየውን ቡጢ ያህላል። ሥራው ደምን ወደ መላ አካላችን መግፋት ነው። ዐርፎ የተቀመጠ አዋቂ ሰው ልቡ በ1 ደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል። የቀንና የሌሊቱ ሲደመር 100,000 ያህል ይሆናል።

ልብን የሚያስመታው በራሱ ውስጥ የሚነሣ ትንሽ የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። አንዳንዴ ይህ ኃይል ያለ ጊዜው ይነሣል። ያን ጊዜ ልብ ቀድሞ ይመታል፤ ጥቂት ያርፋል፤ ቀጥሎ በኃይል ይመታል። ሰውየው «ልቤ ቆም አለና ዘለለ» ይላል። ይህ በብዙ ጤነኞች ላይም ይደርሳል። እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀት፣ አረቄ፣ ሲጋራ፣ ለአንዳንዱም ሰው ብዙ ቡና ያባብሱታል። የደም ማነስና የእንቅርት ሕመምም ሊያመጡት ይችላሉ። በልጅነቱ ከጉሮሮ ሕመም በመጣ በሽታ የልቡ በሮች የተጎዱበት ሰውም ምቱ ሊዛባ ይችላል።

ሐኪም ዘንድ ስንሄድ ደረታችን ላይ ሽቦ ለጥፎ ምቱን በወረቀት ያነሣል። ይህ ኢሲጂ ይባላል። ነገር ግን የሚያነሣው የ10 ሴኮንድ ያህል ምት ብቻ ነው። ዝንጀሮ ማሳ የሚገባው ጠባቂው ዞር ሲል አይደለም እንዴ? ጠባቂው አፍታ ቆሞ «አላየሁም» ቢል አልዋሸም፤ ዝንጀሮ የለም ማለት ግን አይደለም። ወረቀቱም «ደህና ነው» የሚለው ስለዚያች አፍታ ነው።

ስለዚህ 24 ሰዓትና ከዚያም በላይ አካል ላይ ታስሮ የሚውል መሣሪያ ተሠራ። በፈልሳፊው በአሜሪካዊው ኖርማን ሆልተር ስም ሆልተር ይባላል። የሚገኘው በትልልቅ ሆስፒታሎች ነው። እሱም ቢሆን ምክንያቱን ሳያሳይ የሚቀርበት ጊዜ አለ።

ታዲያ ምን እናድርግ? ፊደል ቆጥረናልና ደብተር እንያዝ። ልባችን ሲዛባ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ምን ስንሠራ እንደ ነበርን፣ ምን ያህል እንደ ቆየ እንጻፍ። ሁለት ጣት በእጅ አንጓ ላይ፣ በአውራ ጣት በኩል አሳርፈን ትርታውን 1 ደቂቃ ሙሉ እንቁጠር። ቁጥሩንም እንመዝግብ። ይህ ደብተር ኢሲጂው ያላየውን ለሐኪሙ ይነግረዋል።

ራስ መሳት፣ የደረት ውጋት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ወይም የአንድ ጎን እጅና እግር አልታዘዝ ማለት ከመጣ ግን ደብተር አይጠበቅም። በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

እነዚህ ከሌሉ፣ ሐኪምም መርምሮ አደጋ የለውም ካለ፣ ምክንያቱ ባይታወቅም ኑሮ አይቆምም። እርሻውም አይቅር፤ ደብተሩም አይቅር።