ስፒዱዊኖ፦ የትናንቱን ቲዩን ይዞ ወደ አዲሱ ስሪት መሻገር

የመኪና ሞተር በላፕቶፕ የሚያስተካክሉ ሰዎች አዲስ የሶፍትዌር ስሪት በወጣ ቁጥር ቶሎ አይነኩትም። አንዳንዱ ወራት፣ አንዳንዱም ዓመታት ይቆያል። ስልኩን ማታ አፕዴት ላይ አድርጎ ለሚተኛ ሰው ይህ ስንፍና ሊመስለው ይችላል። እኔ ግን ትክክል ናቸው ባይ ነኝ። ምክንያቱን ለማየት ስፒዱዊኖ ከሚባል ትንሽ ሰሌዳ ጋር መተዋወቅ ይበቃል።

ስፒዱዊኖ ጆሽ ስቱዋርት የተባለ አውስትራሊያዊ የጀመረው፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ የሞተር መቆጣጠሪያ ነው። ፋብሪካ የገጠመውን፣ መካኒኮቻችን «ኮምፒውተር» የሚሉትን ሳጥን ይተካል። በካርቡሬተር ይሠራ የነበረን አሮጌ ሞተር ወደ ኢንጀክሽን ለመቀየርም ይውላል። መሠረቱ ተማሪዎች ሮቦት የሚሞክሩበት አርዱዊኖ ሜጋ 2560 ነው፤ ፍጥነቱ 16 ሜጋኸርዝ፣ የሥራ ሜሞሪው 8 ኪሎባይት፣ ባትሪ ቢነቀልም የማይጠፋው ማስታወሻው ደግሞ 4 ኪሎባይት ብቻ ነው። በዚህች ጠባብ ቦታ ውስጥ ሆኖ ኢንጀክተሩ ስንት ሚሊሰከንድ ተከፍቶ እንደሚቆይና ካንዴላው በየትኛው ቅጽበት እሳት እንደሚሰጥ በደቂቃ በሺዎች ጊዜ ይወስናል።

የሚወስነው ከሰንጠረዥ እያነበበ ነው። የነዳጁ ሰንጠረዥ 16 በ16፣ ማለትም 256 ክፍል አለው፤ በአንድ በኩል የሞተሩ ዙር፣ በሌላው በኩል ማኒፎልዱ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ተደርድሯል። ለማቀጣጠያውም እንዲሁ ሌላ ሰንጠረዥ አለ። መካኒኩ ቲዩነርስቱዲዮ በሚባል ፕሮግራም ላፕቶፑን በገመድ አገናኝቶ ቁጥሮቹን ይሞላል፣ ይነዳል፣ ያያል፣ ያርማል። የለወጠው ቁጥር ወዲያው ሞተሩ ላይ ይሠራል፤ «በርን» የሚለውን ሲጫን ደግሞ በማይጠፋው ማስታወሻ ላይ ይጻፋል። የቁጥሮቹ ስብስብ በጠቅላላው «ቲዩን» ይባላል።

ቲዩን በአንድ ከሰዓት ተሠርቶ አያልቅም። አዲስ አበባን እንውሰድ። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት 76 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፤ ባሕር ዳርቻ ላይ 101 ይደርሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከተማ ውስጥ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ቢረገጥም ከዚያ በላይ ግፊት አያገኝም። ስለዚህ ከ80 እስከ 100 ያሉት የሰንጠረዡ ረድፎች በግምት ይሞሉ እንደሆነ እንጂ እዚህ አይፈተኑም። ተራቸው የሚደርሰው መኪናዋ ወደ አዋሽ፣ ከዚያም ወደ ሰመራ ስትወርድ ነው፤ ያውም በቆላው ሙቀት። ጭነት በበዛበት ሰዓት ነዳጁ ካነሰ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል፣ ሲብስም ፒስተን ይበሳል። በብርድ ማለዳ፣ በዳገት፣ በቀትር ሐሩር ተፈትኖ የተጠራቀመን ቲዩን ባለቤቱ ለአዲስ ስሪት አሳልፎ ለመስጠት ቢያመነታ የሚያስገርም አይደለም።

ያ ቲዩን ደግሞ ከሚያነበው ኮድ ተለይቶ ትርጉም የለውም። ለዚህ እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 የሆነውን ለውጥ የሚያህል ምሳሌ አላውቅም። በማቀጣጠያው ሰንጠረዥ ውስጥ እያንዳንዱ ቁጥር የተሰጠችው አንድ ባይት ናት፤ ከ0 እስከ 255 ትይዛለች፣ ከዜሮ በታች ግን ቦታ የላትም። ካንዴላው ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ከመድረሱ 20 ዲግሪ ቀድሞ እንዲያቀጣጥል ሲፈለግ 20 ይጻፋል። ጫፉን ካለፈ በኋላ እንዲያቀጣጥል ለማዘዝ ግን መንገድ አልነበረም። አዲሱ ስሪት መላ አገኘለት፦ ኮዱ የተጻፈውን ቁጥር ሲያነብ 40 ይቀንስለታል። 60 ተብሎ የተቀመጠው 20 ሆኖ ይነበባል፣ 40 የተቀመጠው ዜሮ፣ 30 የተቀመጠው ከጫፉ 10 ዲግሪ ዘግይቶ።

አሁን አሮጌው ሰሌዳ ላይ ያለችውን 20 አስቧት። ማንም ሳይነካት አዲሱ ኮድ ቢያነባት 40 ተቀንሶላት ከጫፉ በኋላ 20 ዲግሪ ትሆናለች። ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ጭስ ማውጫው ይግላል። በፈረሱላ የተመዘገበን ቡና ያው ቁጥር ሳይለወጥ በኪሎ እንደ ማንበብ ነው፤ መዝገቡ ላይ አንድም ስሕተት የለም፣ ሒሳቡ ግን ተበላሽቷል።

የስፒዱዊኖ ሰዎች ይህን ለባለመኪናው ጣጣ አልተዉለትም። ማስታወሻው ውስጥ ቲዩኑ በየትኛው የአቀማመጥ ስሪት እንደተጻፈ የሚናገር ቁጥር አለ። ሰሌዳው አዲስ ኮድ ተጭኖበት ሲነሳ መጀመሪያ ይህን ቁጥር ያያል። ከአሮጌ ስሪት ከመጣ 256ቱንም የማቀጣጠያ ክፍሎች አንድ በአንድ ዞሮ በእያንዳንዱ ላይ 40 ይደምራል፣ ከዚያም የስሪት ቁጥሩን በአንድ ከፍ አድርጎ ይጽፋል። በዚያው ዓመት በጁላይም ሞተር ሲነሳ የሚጨመረው ነዳጅ በአንድ ቁጥር ብቻ ይወሰን የነበረው እንደ ሞተሩ ሙቀት በሚለያዩ አራት ነጥቦች ተተካ። እዚያም የሽግግር ኮዱ የድሮውን አንድ ቁጥር ወስዶ በአራቱም ነጥቦች ላይ አስቀመጠው። መኪናዋ በማግስቱ ጠዋት እንደ ትናንቱ ትነሳለች፤ ባለቤቱ አራቱን ነጥቦች ሲመቸው ይለያያቸዋል።

ከሁሉ የምወድለት ቅደም ተከተሉን ነው። ኮዱ ከሁለተኛው አቀማመጥ በቀጥታ ወደ መጨረሻው አይዘልም። ከ2 ወደ 3፣ ከ3 ወደ 4 እያለ እያንዳንዱን ለውጥ በወጣበት ተራ ይፈጽማል። ዓመታት የዘገየ ሰው ሰሌዳውን ሲያነሳ የእነዚያ ዓመታት ለውጦች በሙሉ በተራቸው ይሠሩለታል። ተጠቃሚ ቶሎ አልተከተለንም ብሎ የሚቀጣ ሶፍትዌር ብዙ ባየንበት ዘመን የዘገየን ሰው እንዲህ ማሰብ ትልቅ ክብር ነው።

ይሁን እንጂ ሁሉንም ነገር ሰሌዳው አይሠራም። የስፒዱዊኖ ስሪት በወጣበት ዓመትና ወር ይጠራል፤ 202402 ቢባል የ2024 ፌብሩዋሪው ነው። ለእያንዳንዱ ስሪት የትኛው ባይት ምን እንደሆነ ለቲዩነርስቱዲዮ የሚገልጽ የራሱ ፋይል አለ። የላፕቶፑ ፋይልና የሰሌዳው ኮድ ካልተዛመዱ ፕሮግራሙ ገና ሲገናኝ ያስጠነቅቃል። ማስጠንቀቂያውን ዘግቶ ማለፍ ከላይ ያየነውን የቁጥር መደናገር በገዛ እጅ መጥራት ነው። ተዛምደው ሳለ ሰሌዳው ላይ ያለውና ላፕቶፑ ላይ የተቀመጠው ቲዩን ከተለያዩ ደግሞ ልዩነቱን ዘርዝሮ የትኛው ይቆይ ብሎ ይጠይቃል። እዚህ ላይ ሳያነቡ መጫን አይገባም።

ቦቢናን የሚመለከተው ቅንብር ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። ለማቀጣጠል የሚሄደው ምልክት ከፍ ሲል ነው ወይስ ዝቅ ሲል የሚሠራው የሚለው ምርጫ ከተገለበጠ ቦቢናው ያለማቋረጥ ኤሌክትሪክ ሲፈስበት ይቆይና ይቃጠላል። ስለዚህ ኮድ ሲጫን የቦቢናውን መሰኪያ ነቅሎ፣ ቅንብሩን በዓይን አረጋግጦ መመለስ ነው። ሞተሩ ከተነሳ በኋላም ላፕቶፑ ላይ የሚታየው ዲግሪ እውነት መሆኑን በታይሚንግ መብራት ፑሊው ላይ ማየት ያስፈልጋል።

ሽግግሩ የሚሠራው ወደ ፊት ብቻ ነው። አዲሱን ስሪት ሞክሮ ያልወደደው ሰው አሮጌውን ኮድ መልሶ ቢጭን፣ ኮዱ ማስታወሻው ላይ ከራሱ የበለጠ የስሪት ቁጥር ያገኛል። ያን ጊዜ የሚያደርገው ቁጥሩን ወደ ራሱ ልክ ማውረድ ብቻ ነው፤ የተደመረውን 40 አይቀንስም፣ የተዘረጋውን አራት ነጥብ አያጥፍም። ለመመለስ የሚያስችለው ከመሻገር በፊት የተቀመጠ ቅጂ ነው፦ የቲዩኑ ፋይል፣ አሮጌው ኮድ፣ የአሮጌው ስሪት መግለጫ ፋይል፤ ሦስቱም በአንድ ፎልደር፣ ከላፕቶፑ ሌላ በፍላሽ ጭምር።