በገና ጨዋታ ሜዳ ከምትስት ጥንግ ራስን መጠበቅ

የታኅሣሥ ወር አጋማሽ ሲያልፍ በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ደጋማ ቀበሌዎች መልክ ይለወጣል። አዝመራው ከማሳ ይነሣል፤ ነዶው በየአውድማው ይከመራል፤ ታጭዶ ባዶ የቀረው ማሳና የግጦሽ ሜዳው ለሰው ክፍት ይሆናል። የገና ጨዋታ የሚደምቀውም በዚህ ጊዜ ነው። ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ቀን፣ ጾሙ ተፈትቶ የበዓሉ ማዕድ ከተነሣ በኋላ ወጣቱና ጎልማሳው ጫፉ የቆለመመ ዱላውን ይዞ ወደ ሜዳ ይወጣል።

ጨዋታው የደስታና የአብሮነት መገለጫ ነው። ይሁን እንጂ ከእንጨት የተጠረበች ጠንካራ ጥንግ በሙሉ ክንድ ኃይል በምትለጋበት ሜዳ ላይ የሚደርስ ጉዳት ቀላል አይደለም። የዓይን ብርሃን ማጣት፣ የራስ ቅል መመታት፣ የጥርስ መውለቅና የአጥንት ስብራት ከሚያስከትላቸው ጉዳቶች መካከል ናቸው። አብዛኛውን ጉዳት ግን ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት በሚደረግ አጭር ስምምነት መቀነስ ይቻላል።

የጥንጓ ጉልበት ከየት ይመጣል?

በገና ጨዋታ ሁለት ቡድኖች ይሰለፋሉ። አንዱ የላይ ሰፈር፣ ሌላው የታች ሰፈር ሊሆን ይችላል፤ ያገባና ያላገባ ተብሎም ይከፈላል። የእያንዳንዱ ቡድን ዓላማ ጥንጓን እየለጋ ከተጋጣሚው ወሰን ማሳለፍ ነው። ኳሷ እንደየአካባቢው ጥንግ ወይም ሩር ትባላለች፤ ከእንጨት ተጠርባ ወይም ከቆዳ ተሠርታ ትዘጋጃለች። በገጠር የሚካሄደው ጨዋታ ብዙ ጊዜ የተወሰነ የተጫዋች ቁጥርም ሆነ የተሰመረ የሜዳ ዳር የለውም። አደጋውን የሚያበረታው አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ ተመልካቹ የት እንደሚቆም፣ ተጫዋቹም እስከየት እንደሚሮጥ አስቀድሞ አይታወቅም።

የምትወረወር ነገር ጉልበት በክብደቷ ብቻ አይወሰንም። ፍጥነቷ እጥፍ ሲሆን ጉልበቷ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በእጅ ስትያዝ ቀላል የምትመስል ጥንግ በዱላ ስትለጋ ሌላ ነገር ናት። አንዲት ኳስ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ብትበር በአንድ ሰከንድ 25 ሜትር ትጓዛለች። በ10 ሜትር ርቀት ላይ የቆመ ሰው ዘንድ ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይፈጅባትም። ሰው አይቶና ተረድቶ አካሉን ማንቀሳቀስ እስኪጀምር ደግሞ ሩብ ሰከንድ ያህል ያልፋል። ቅርብ የቆመ ሰው ራሱን የሚያድነው በቅልጥፍና ሳይሆን አስቀድሞ ተገቢውን ቦታ በመምረጥ ነው።

ከጎልፍ ሜዳ የሚገኝ ትምህርት

በዱላ ኳስ የሚመታበት ሌላው ጨዋታ ጎልፍ ነው። በአዲስ አበባ አሮጌው አየር ማረፊያ አካባቢ የጎልፍ ክለብ መኖሩ ለብዙ የከተማ ነዋሪዎች የታወቀ ነው። የጎልፍ ኳስ ክብደቷ ከ46 ግራም አይበልጥም፤ ከዶሮ እንቁላል የምታንስ ናት። በብርቱ ተጫዋቾች ስትመታ ግን ፍጥነቷ በሰዓት ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ይደርሳል።

መስከረም 18 ቀን 2011 ዓ.ም. በፈረንሳይ ፓሪስ አቅራቢያ በተካሄደው የራይደር ካፕ ውድድር አሜሪካዊው ብሩክስ ኬፕካ የመታት ኳስ አቅጣጫዋን ስታ አንዲት ተመልካች ዓይን ላይ አረፈች፤ ተመልካቿም የቀኝ ዓይኗን ብርሃን አጣች። ኬፕካ በዘመኑ ከዓለም ምርጥ ተጫዋቾች አንዱ ነበር። ክስተቱ የሚያስተምረው ነገር ግልጽ ነው፤ የመቺው ችሎታ ለተመልካቹ ዋስትና አይሆንም።

ጎልፍ ተጫዋቾች ይህን አደጋ ለመቀነስ ሦስት ልማዶችን ይከተላሉ። የመጀመሪያው፣ ከፊት ያለ ሰው ኳሷ ከምትደርስበት ርቀት እስኪወጣ ድረስ አለመምታት ነው። ሁለተኛው፣ ኳሷ ወደ ሰው ስታመራ ወዲያውኑ ‹ፎር!› ብሎ መጮኽ ነው፤ ቃሉን የሰማ ሁሉ ትርጉሙን ያውቀዋል። ሦስተኛው፣ ጩኸቱን የሰማ ሰው ኳሷን ለማየት ቀና ሳይል ጎንበስ ብሎ ራሱንና ፊቱን በክንዶቹ መሸፈኑ ነው። ብዙ ሰው ጩኸት ሲሰማ ወደ ጩኸቱ ይዞራል፤ ያን ጊዜ ዓይኑና ጥርሱ ለኳሷ ይጋለጣሉ።

እነዚህ ልማዶች ገንዘብ አይጠይቁም፤ በገና ሜዳም ይሠራሉ። ከጨዋታው በፊት ሁሉም የሚያውቀው አንድ የማስጠንቀቂያ ቃል መምረጥ ይቻላል፤ ‹ጥንግ!› ወይም ‹ሩር!› ማለት ይበቃል። ዋናው ነገር ቃሉ አጭር መሆኑ፣ ተጫዋቹም ተመልካቹም በእኩል ማወቁና ለቀልድ አለመዋሉ ነው።

ሜዳው እንዴት ይመረጥ?

ለጨዋታው የሚሻለው ሜዳ ከመንገድ፣ ከገበያ መተላለፊያ፣ ከውኃ መቅጃና ሰው ከሚሠራበት አውድማ የራቀ ነው። በዓሉ ቢሆንም ውኃ የሚቀዳና ከብት የሚያሰማራ አይጠፋም። እነዚህ ሰዎች ጨዋታውን ስለማይከታተሉ ጥንጓ ስትመጣ አያዩአትም። የሚሰማሩ ከብቶችም ከሜዳው መራቅ አለባቸው፤ የታረሰበት በሬ ወይም የምትታለብ ላም ዓይኗን ብትመታ ጉዳቱ የቤተሰቡ ነው።

ድንጋይ የሚበዛበት ማሳ ሁለት ጊዜ አደገኛ ነው። ጥንጓ ድንጋይ ስትመታ ባልታሰበ አቅጣጫ ትነጥራለች፤ የሚሮጠውም ሰው ይወድቅበታል። ስለሆነም ጠዋት ላይ ልጆችና ወጣቶች ተባብረው ድንጋዩን ቢለቅሙ ለጨዋታውም ለመጪው እርሻም ይጠቅማል።

የፀሐይ አቅጣጫም ሊታሰብበት ይገባል። ከቀትር በኋላ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስለምታዘቀዝቅ ወደዚያ የሚመለከት ሰው ጥንጓን አጥርቶ አያይም። ሜዳው ከሰሜን ወደ ደቡብ ቢዘረጋ ሁለቱም ቡድኖች በፀሐይ አይታወሩም። ተመልካቾች ደግሞ ፀሐይን ከጀርባቸው አድርገው በምዕራብ በኩል ቢቆሙ ይመረጣል።

የተመልካቹ ቦታ በሚታይ ነገር መለየት አለበት። በድንጋይ ረድፍ፣ በገመድ ወይም በገለባ መስመር ማመልከት ይቻላል። ተመልካች ከወሰኖቹ በስተጀርባ መቆም የለበትም፤ ጥንጓ በብርቱ የምትለጋው ወደዚያ ነውና። ከጎን በኩል፣ ከመስመሩ ራቅ ብሎ መቆም ይሻላል፤ ትልቅ ዛፍ ወይም የድንጋይ ካብ ካለ ከኋላው መሆን ይበልጥ ያስተማምናል።

ሕፃን ያዘሉ እናቶች ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። ማንም ሰው የሚወረወር ነገር ሲመጣበት በደመ ነፍስ ጀርባውን ይሰጣል። ሕፃን ያዘለች እናት ጀርባዋን ስትሰጥ ግን ለጥንጓ የምታቀርበው የልጇን ራስ ነው። በመሆኑም እናቶች ከሌላው ተመልካች ይልቅ ርቀው ቢቀመጡ፣ ሕፃኑንም ከጀርባ አውርደው ቢታቀፉ መልካም ነው።

ተጫዋቾች ምን ያድርጉ?

ዱላው ከጨዋታው በፊት መፈተሽ አለበት። የተሰነጠቀ ወይም ነቀዝ የበላው ዱላ በምት ጊዜ ተሰብሮ ስባሪው እንደ ጦር ሊወረወር ይችላል። ተጫዋቹ ዱላውን ከማንሣቱ በፊት ከኋላውና ከጎኑ ሰው አለመኖሩን ማየት ይኖርበታል፤ ብዙ ሰው በአንዲት ጥንግ ላይ ሲረባረብ ከጥንጓ ይልቅ የሚያቆስለው ዱላው ነውና። ሰው ተከማችቶ ባለበት ቦታ ጥንጓን ከመሬት ሳያነሱ መግፋት፣ በኃይል መለጋትን ደግሞ ፊት ለፊቱ ነፃ በሆነ ጊዜ ብቻ ማድረግ ተገቢ ነው።

ልጆች ከአዋቂዎች ጋር ተቀላቅለው መጫወት የለባቸውም። ራሳቸውን የቻለ ሜዳ ተሰጥቷቸው በጨርቅ ኳስ ቢጫወቱ ጨዋታውን ይለማመዳሉ፤ ጉዳቱም ይቀንሳል። ሞቅ ያለው ሰውም ከሜዳው ወጥቶ ተመልካች ቢሆን ለራሱም ለወንድሙም ይበጃል። ገና የኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ደንብ አውጥቶ ከሚያወዳድርባቸው ባህላዊ ስፖርቶች አንዱ ነው። ጨዋታው ዳኛና ወሰን ሲኖረው ባህልነቱ እንደማይጎድል ይህ ያሳያል።

ጉዳት ሲደርስ

ዓይኑ የተመታ ሰው ዓይኑን ማሸትም ሆነ መጫን የለበትም። የገባ ስባሪ ቢኖር በቤት ውስጥ ለማውጣት አይሞከርም። ቅጠል መጭመቅ፣ ቅቤ መቀባት ወይም የእናት ጡት ወተት መጨመር ቁስሉን ይመርዛል። ዓይኑን ሳይነካ በላዩ ንጹሕ ሲኒ ወይም የወረቀት ኩባያ በስሱ ደፍቶ ማሰር፣ ጭንቅላቱንም ከፍ አድርጎ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል። ዓይኑ ከውጭ ደህና ቢመስልም ብዥ ካለበት ወይም በጥቁሩ የዓይን ክፍል ላይ ደም ከታየ ነገ ይደረሳል ማለት አይገባም። ከባድ ጉዳት ሲሆን የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ማዕከልን ወደመሳሰለ ልዩ ሕክምና መላክ ሊያስፈልግ ይችላል።

ራሱን የተመታ ሰው ጉዳይ በበዓል ቀን በቀላሉ ይዘነጋል። የተመታው ሰው ሲንገዳገድ፣ ንግግሩ ሲተሳሰርና እንቅልፍ ሲጥለው ጠጥቶ ነው ተብሎ ጥግ ይያዝለታል። በራስ ቅል ውስጥ የሚፈስ ደም ምልክትም ተመሳሳይ ነው። ስለዚህ ራሱን የተመታ ሰው ቢጠጣም ባይጠጣም ሰክሯል ተብሎ መተው የለበትም። ራሱን ከሳተ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ ከበረታ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከጆሮው ወይም ከአፍንጫው ፈሳሽ ከወጣ ወይም የዓይኑ ብሌኖች መጠን ከተለያየ ጊዜ ሳይሰጥ ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት። ምልክት ያላሳየውም ቢሆን ጠላም አረቄም ሳይቀምስ 24 ሰዓት ያህል ሰው አጠገቡ ሆኖ ሊከታተለው ይገባል።

የአዋቂ ጥርስ ከነሥሩ ከወለቀ ሥሩን ሳይነኩ ከላይኛው ክፍል ይዞ ወተት ውስጥ ማስቀመጥና በአንድ ሰዓት ውስጥ ሐኪም ዘንድ መድረስ ጥርሱን ሊያተርፈው ይችላል። አጥንት ሲሰበር በእንጨት ደግፎ ሳያጠብቁ ማሰር በቂ ነው። ደም እስኪቆም የሚያጠብቅ አስተሳሰር እግርን ወይም እጅን እስከ ማስቆረጥ ያደርሳል። በግጦሽ ሜዳ ላይ ቆዳው የተቀደደ ሰው ደግሞ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ አጥቦ ስለ መንጋጋ ቆልፍ ክትባት የጤና ባለሙያ ማማከር ይኖርበታል።

‹ጌታ አይቆጣም› እስከ የት?

በገና ጨዋታ ጌታ እንደማይቆጣ የሚነገረው የቆየ ብሂል ሎሌና ጌታ፣ ሀብታምና ድሃ በአንድ ሜዳ እኩል እንዲጫወቱ አድርጓል። በጨዋታ የተመታ ቂም እንዳይዝም ረድቷል። የአገሪቱ ሕግም ከዚህ አስተሳሰብ ብዙ አይርቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2068 በስፖርት ላይ ያለ ሰው አብሮት በሚጫወት ወይም በስፍራው በተገኘ ተመልካች ላይ ጉዳት ቢያደርስ፣ ተንኮል ወይም ከባድ የደንብ መጣስ እስከሌለ ድረስ፣ ተጠያቂ እንደማይሆን ይደነግጋል።

ሆኖም ሕጉ ወሰን አለው። ሆን ብሎ መምታትንና ደንብን በከባድ ሁኔታ መጣስን አይሸፍንም። ድንጋጌው የሚጠራውም ተጫዋችንና ተመልካችን ነው፤ ውኃ ቀድታ በመንገዷ የምታልፍ ሴት ግን ሁለቱንም አይደለችም። ብሂሉም የሚያበርደው ቁጣን እንጂ የጠፋ ዓይንን አይመልስም። በእርሻ የሚተዳደር ሰው በዓይኑ ወይም በክንዱ ላይ የሚደርስበት ጉዳት እስከ መጪው ክረምት ይከተለዋል።

ስለዚህ የየቀበሌው ሽማግሌዎችና የወጣት አስተባባሪዎች ጥንጓ ከመለጋቷ በፊት ጥቂት ደቂቃ ወስደው አራት ነገሮችን ቢያስታውቁ ይበጃል። እነርሱም የሜዳው ወሰን፣ የተመልካቹ መስመር፣ የማስጠንቀቂያው ቃልና ጉዳት ቢደርስ ተጎጂውን ወደ ጤና ተቋም የሚያደርሰው ሰው ማንነት ናቸው። ተሽከርካሪ በማይገኝባቸው ቀበሌዎች ቃሬዛና ተሸካሚዎች አስቀድመው ቢዘጋጁ በጉዳት ጊዜ የሚባክነውን ሰዓት ይቀንሳሉ።