ዝለት የጸሎት ማነስ አይደለም

መንፈሳዊ ዝለት በአገልግሎት ለዓመታት የቆየ ሰው ጸሎቱ ባዶ ቃል ሲሆንበት፣ መዝሙሩ ከከንፈሩ አልፎ ልቡ ሳይደርስ ሲቀር፣ በደስታ ያገለግላቸው የነበሩ ሰዎችም ሸክም ሲሆኑበት የሚገለጥ ድካም ነው። በሀዋሳ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት «ደርቄያለሁ» ወይም «ቀዝቅዣለሁ» ይባላል። በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ ደግሞ «ጸሎት አልሆንልኝ አለ» ብሎ ለንስሐ አባቱ የሚናገር አለ። ሰነፍ ሰው በዚህ አይያዝም፤ ያልሠራ አይዝልም። ዝለት የሚያገኘው ቁልፍ ይዞ ቀድሞ የሚከፍተውን፣ ወንበር ሰብስቦ መጨረሻ የሚወጣውን፣ ሌላው ሲቀር «እኔ እተካለሁ» የሚለውን ነው።

በሥራ ዓለም ከሚታየው መሰል ድካም ጋር ዝምድናው የቀረበ ነው። ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለው የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1974 «ተቃጥሎ ማለቅ» ብሎ የጻፈበት ሁኔታ የታየው በኒውዮርክ በነጻ በሚያክም ክሊኒክ በሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች ላይ ነበር። ክርስቲና ማስላክ ኋላ ሦስት ምልክቶችን ለይታ አስቀመጠች፦ አቅም መሟጠጥ፣ ከሚያገለግሉት ሰው በልብ መራቅ፣ «ምንም አልሠራሁም» የሚል ስሜት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች መለያ ውስጥ ይህን ሁኔታ ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት አለው እንጂ በሽታ አላለውም። ደመወዝ የሌለው የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ በዚህ ፍቺ ውስጥ ስሙ የለም። ነገሩ መጀመሪያ የታየው ግን እንደ እርሱ ባሉ ሰዎች ላይ ነው።

በሀዋሳ በአንድ የምክር ክፍል ከታዩ ጉዳዮች አንዱ ዛሬም ከአእምሮ አይጠፋም። በልብስ ስፌት ሥራ የምትተዳደር ወጣት ናት። በሳምንት ስድስት ቀን በፈረቃ ትሠራለች። ሁለት ምሽት የመዘምራን ልምምድ አላት፣ ዓርብ አዳር ጸሎት፣ እሑድ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት አገልግሎት፣ ከሰዓት በኋላም የሕሙማን ጥየቃ። መዝሙር ሲዘመር ምንም እንደማይሰማት ለቡድን መሪዋ በነገረችው ጊዜ የታዘዘላት የሦስት ቀን ደረቅ ጾም ነበር። በሁለተኛው ቀን ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ወደቀች። ወደ ምክር ስትመጣ ስለ መውደቋ አላነሣችም፤ የጠየቀችው እግዚአብሔር ለምን እንደተዋት ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ የተኛችው መቼ እንደሆነ ስትጠየቅ ግን መልስ አጣች። ሁለት ጊዜ መጥታ ቀረች። ምክር መሄድ የእምነት ማነስ እንደሆነ ተነግሯት ነበር።

ያ ንግግር የአንድ ቡድን መሪ ብቻ አይደለም። ስለ ዝለት በየቦታው የሚደገመው እምነት የሚከተለው ነው፦ ሰው የሚዝለው ስላልጸለየ ነው፤ መድኃኒቱም ተጨማሪ ጸሎት፣ ተጨማሪ ጾም፣ ተጨማሪ አዳር ነው። እረፍት ያነሣ ሰው «እረፍት በሰማይ ነው» ይባላል። ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም። ብዙዎቹ በወጣትነታቸው በአዳር ጸሎት ልባቸው የተቃጠለ፣ ያ እሳት እውነተኛ የነበረ ናቸው። ስህተታቸው በጤነኛ ጊዜ ያነደዳቸውን ነገር ለታመመው ሁሉ ማዘዛቸው ነው። ለዛለው ሰውም ትእዛዙ መጀመሪያ ላይ ይጥመዋል፤ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ማለት «አቅሜ አልቋል» ከማለት ይቀላልና። ጥፋት በንስሐ ይታጠባል፤ የአቅም ወሰንን ግን መቀበል እንጂ መናዘዝ አይቻልም። ስለዚህ ሰውየው ይጾማል፣ ያድራል፣ ይዝላል። ከዚያ የባሰ ጥፋተኛ ሆኖ ይመለሳል።

በሥጋ በኩል ያለው ነገር ቀላል ነው፤ ቀላልነቱም ሳይሆን አይቀርም እንዲናቅ ያደረገው። አዋቂ ሰው በሌሊት ሰባት ሰዓት ያህል እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ለወራት በአራት ሰዓት የኖረ ሰው ደስታ ለመቀበል የሚችልበት አቅሙ ይደነዝዛል። የሚደነዝዘው ለጸሎት ብቻ አይደለም፤ የልጁ ሳቅም፣ የሚወደው ምግብም፣ የሀዋሳ ሐይቅ ዳር ነፋስም አንድ ይሆንበታል። ወባ የያዘው ሰው እንጀራው ይመረዋል። ማንም ግን «እንጀራው ተበላሽቷል» ብሎ ሌማቱን አይደፋም፤ የመረረው አፉ መሆኑን ቤቱ ሁሉ ያውቃል። የእግዚአብሔር መገኘት ለዛለ ሰው ሳይሰማው ሲቀርም ነገሩ እንዲሁ ነው። የስሜቱ መጥፋት ስለ ሰውየው ድካም ይመሰክራል፤ ስለ እግዚአብሔር መራቅ የሚመሰክረው ነገር የለም። ሌሊቱን መረብ ሲጎትት አድሮ ጠዋት አሞራ ገደል በተባለው የሐይቁ ዳር የዓሣ ገበያ የደረሰ ዓሣ አጥማጅ ቤቱ ገብቶ ቢተኛ ሰነፍ የሚለው የለም። ሌሊቱን ሲጸልይ አድሮ ጠዋት ሥራ የገባ አገልጋይ ግን ማታ እንደገና ለስብሰባ ይጠበቃል።

በመጽሐፍ ቅዱስ የዚህ ጉዳይ ዋና ምስክር ኤልያስ ነው፤ ታሪኩም በአንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 19 ይገኛል። በቀርሜሎስ ላይ ከሰማይ እሳት ያወረደው ነቢይ ብዙ ሳይቆይ ከአንዲት ሴት ዛቻ ሸሸ። አገልጋዩን በቤርሳቤህ ትቶ የአንድ ቀን መንገድ ወደ ምድረ በዳ ገባ፤ ክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦም እንዲሞት ለመነ። ከዚያ ተኛ። መልአኩ መጥቶ የሠራውን በቅደም ተከተል ማየት ይጠቅማል። ለምን እንደሸሸ አልጠየቀውም። ስለ እምነቱ አልገሠጸውም። በፍም የተጋገረ እንጎቻና አንድ ማሰሮ ውኃ ራስጌው አኖረለት። ኤልያስ በልቶ ጠጥቶ ተመልሶ ተኛ፤ መልአኩም ተወው። ሁለተኛ ሲቀሰቅሰው ደግሞ ተነሥቶ እንዲበላ አዘዘውና መንገዱ ከአቅሙ በላይ መሆኑን ነገረው። እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። የሰማይ መልእክተኛ «መንገዱ ለአንተ ይከብዳል» ሲል ነቢዩን አልነቀፈም፤ ወሰኑን አውቆ እንዲበላ አደረገው። ጥያቄው የመጣው ከአርባ ቀን በኋላ በኮሬብ ነው። ዛሬ ብዙ መካሪ ከኮሬብ ይጀምራል፤ ክትክታውን ይዘለዋል።

የኤልያስ ሌላው ምልክት «ብቻዬን ቀረሁ» ማለቱ ነው። ከጥቂት ጊዜ በፊት አብድዩ መቶ ነቢያትን በዋሻ ደብቆ እንጀራና ውኃ እንደመገባቸው በጆሮው ሰምቶ ነበር። ዝለት የሰሙትን ያስረሳል፤ ቁጥር ያሳንሳል። የእግዚአብሔር መልስም ለበኣል ያልሰገዱ 7 ሺህ ሰዎች መኖራቸው፣ በቦታውም የሚተካ ኤልሳዕ መዘጋጀቱ ነበር። የሙሴ አማት ዮቶርም በዘጸአት 18 ያደረገው ከዚህ አይለይም። ሕዝቡ ከጠዋት እስከ ማታ በአማቹ ፊት ቆሞ ባየ ጊዜ የጸሎት ሰዓት እንዲጨምር አላዘዘውም፤ የሺህ፣ የመቶ፣ የሃምሳና የአሥር አለቆች እንዲሾም መከረው። እንክብካቤው በአዲስ አሠራር መልክ መጣ።

አንድ ከባድ ተቃውሞ ግን አለ፤ የመጣውም ከበረሃ አባቶች ነው። እ.ኤ.አ. በ399 ያረፈው የግብፅ በረሃ መነኩሴ ኤቫግርዮስ «የቀትር ጋኔን» ስለሚባለው መታከት ጽፏል። ከቀኑ አራት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት (አቆጣጠሩ ከእኛው ጋር አንድ ነው) ፀሐይ የቆመች ይመስላል፤ መነኩሴው በሩን በሩን ያያል፣ ቦታውን ይጠላል፣ የእጁ ሥራ ያስጠላዋል። ኤቫግርዮስ ለዚህ የሰጠው መድኃኒት መሸሽ ሳይሆን መጽናት ነው። «እንግዲያውስ አባቶች እረፍት አላዘዙም» የሚሉ ሰዎች የሚጠቅሱት ይህን ነው። ነገር ግን የቀትሩ መታከት የሚመጣው በቂ ዝምታ ባለው፣ ሰው በማይረብሸው፣ ሥራውና ጸሎቱ በልክ በተደለደለ መነኩሴ ላይ ነው። በፈረቃ ሠርታ ለአዳር ጸሎት የምትሮጥ ሴት ይህን አታውቀውም። ሁለት በሽታ በአንድ መድኃኒት አይታከምም። በዚያ ላይ አባ እንጦንስ በዚሁ መታከት በተያዘ ጊዜ የታየው ራእይ ተቀምጦ ገመድ የሚታታ፣ ተነሥቶ የሚጸልይ፣ ተመልሶ የሚቀመጥ ሰው ነው ይባላል። ወንድሞች ሲጫወቱ አይቶ የተሰናከለውንም አዳኝ ቀስቱን ደጋግሞ እንዲለጥጥ አዘዘው፤ አዳኙ «ይሰበራል» ባለ ጊዜ የመነኮሳቱም ነገር እንዲሁ መሆኑን ነገረው።

እረፍትን በተመለከተ ይህች አገር ከማንም ልትማር አይገባትም ነበር። የአባ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ቅዳሜን እንደ እሑድ ለማክበር ሲሉ ስደትና ውግዘት ተቀብለዋል። ክርክሩ ከአንድ ምዕተ ዓመት ያላነሰ ጊዜ ወስዶ እ.ኤ.አ. በ1450 በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። ስለ እረፍት ቀን ይህን ያህል የታገለ ክርስትና በብዙ ቦታ አይገኝም። ዛሬ ግን በሀዋሳ ያለ አገልጋይ ከሁሉ የሚደክመው በሰንበት ነው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቅዱስ ገብርኤል ሲነግሥ ከተማው በእንግዳ ሲሞላ፣ ዲያቆኑና የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣት ለቀናት እንቅልፍ አያይም። ክብረ በዓል ነውና ይህ ይሁን፤ ከክብረ በዓሉ በኋላ ግን የእረፍት ቀን የሚሰጠው የለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሠራተኛ በሳምንት ቢያንስ 24 ሰዓት ያልተቋረጠ እረፍት ይደነግጋል። ቤተ ክርስቲያን ለአገልጋዮቿ ሕግ ለማንም ሠራተኛ ከሚሰጠው ያነሰ ልትሰጥ አይገባም።

ሥጋና መንፈስን የመለየቱ ልማድም ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አስተሳሰብ የወጣ አይደለም። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1972 ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ ወንጌልን ከሰው ልጅ ኑሮ መነጠል ስህተት እንደሆነ፣ አገልግሎት ለሁለንተናው ሰው እንደሆነ ተከራክራለች። በዚያ ዘመን ዋና ጸሐፊዋ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በወጣትነታቸው በነቀምቴ ሆስፒታል ቁስል ያጥቡ የነበሩ ሰው ናቸው። ሁለንተናዊ አገልግሎት የሚለው ቃል ዛሬ በየስብከቱ አለ፤ ለድሀው ይነገራል፣ ለታመመው ይነገራል፣ ለዛለው አገልጋይ ግን አይነገርም።

ዝለት ነው ከማለት በፊት የሚጣሩ ነገሮች አሉ። የደም ማነስ፣ ወባ፣ የእንቅርት እጢ ሕመም ሁሉ ድካም ያመጣሉ፤ የደም ምርመራ ለነፍስ አባትም ለመጋቢም የመጀመሪያ ጥያቄ መሆን ይገባዋል። የእግዚአብሔር ቤት ሰዎች ናቸውና አይደርስባቸውም ተብሎ የሚታለፈው ሌላው ነገር የድብርት ሕመም ነው። የዛለ ሰው በቂ ካረፈ ቀስ በቀስ ይመለሳል፤ ድብርት ግን በእረፍት ብቻ አይለቅም። ለሁለት ሳምንት ያለማቋረጥ ምንም ደስታ የማይሰማው፣ ሌሊት ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ እንቅልፍ የሚነሳው፣ «ባልኖር ይሻላል» የሚል ሰው ወደ ሐኪም መሄድ አለበት። እንዲህ ያለውን ሰው ወደ አዳር ጸሎት ብቻ መላክ አደጋ ነው። ጸሎቱም ሕክምናውም ጎን ለጎን ይሂዱ፤ መድኃኒት የጀመረ ሰው በጾም ምክንያት እንዳያቋርጥም ለሐኪሙና ለነፍስ አባቱ ይነገር። ሕሙማን ከጾም እንዲያርፉ መፍቀድ የቆየ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው።

መመለሱ ሳምንታት ሳይሆን ወራት ይወስዳል፤ ቅደም ተከተልም አለው። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚመለሰው እንቅልፍ ነው፤ ቀጥሎ የምግብ ፍላጎት፣ ከዚያ በትንሽ ነገር አለመቆጣት። ጸሎት ከሁሉም ዘግይቶ ይመጣል። በዚህ መሃል አጫጭር ጸሎት ይበቃል። አቡነ ዘበሰማያት ብቻ የሚደግም፣ ወይም ሌላው ሲጸልይ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው አልበረደም። ኃላፊነቱን ለጊዜው ለሌላ ማስረከብ ይኖርበታል፤ ማስረከቢያውም ቀን የተቆረጠለት፣ በጉባኤ ፊት በምስጋና የተነገረ ቢሆን የ«ወደቀ» ወሬ ይቀራል። ከዚያ አንድ ቀን ሽንኩርት ሲከትፍ ወይም ልብስ ሲያጥብ ያን የደረቀበትን መዝሙር ሲያንጎራጉር ራሱን ያገኘዋል። ብዙ ጊዜ ይህን ቀድሞ የሚሰማው እርሱ አይደለም፤ በሚቀጥለው ክፍል ያለ የቤተሰብ ሰው ነው።