የአርጆ ሽማግሌዎች ዳኝነት፦ ከገዳ ጉባኤ እስከ አዋጅ ቁጥር 240/2013

ከነቀምቴ በስተደቡብ፣ ከዴዴሳ ሸለቆ በላይ ባለው ደጋ በምትገኘው አርጆ፣ ጎረቤታሞች በእርሻ ድንበር ሲጣሉ ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ በቅድሚያ የሚቀርበው ለ“ጃርሳ ቢያ”፣ ማለትም ለአገር ሽማግሌዎች ነው። በልማዱ ሽማግሌን የሚሾም ባለሥልጣን የለም። ሥልጣኑ የሚመነጨው ተከራካሪዎቹ ወደውና ፈቅደው በፊቱ ከመቆማቸው ነው።

ይህ ዳኝነት ቀድሞ ብቻውን አልነበረም። የመጫ ኦሮሞ ሕግ በኦዳ ቢሲል ጉባኤ ይደነገግ ነበር፤ በሕግ ደንጋጊነቱም ማኮ ቢሊ ይወሳል። በገዳ ሥርዓት የሥልጣን ዘመን 8 ዓመት በመሆኑ፣ መሪው ጊዜው ሲሞላ ለተረኛው ያስረክባል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግን በወለጋ “ሞቲ” የተባሉ የጦር መሪዎች ሥልጣንን ወደ ዘር ውርስ ለወጡት። የአርጆ ጎረቤት የሆነችው የሌቃ ነቀምቴ ገዥ ሞሮዳ በከሬ፣ ከ1874 ዓ.ም. የእምባቦ ጦርነት ወዲህ ለምኒልክ በመገበር የውስጥ አስተዳደሩን አስጠበቀ፤ ልጁ ኩምሳም ወረሰው። ዘወትር “የራስ አስተዳደር” ተብሎ የሚጠቀሰው ይህ ስምምነት የጠበቀው የገዥውን ቤት እንጂ የጉባኤውን ሥልጣን አልነበረም። በሕዝቡ እጅ የቀረው ሽምግልናው ነው፤ ምናልባትም ግብር የማይሰበሰብበት ስለሆነ የሚሻማበት አልተገኘም።

ገዳ በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ መመዝገቡ ክብርን እንጂ ዳኝነትን አልመለሰም። ለዳኝነቱ ይበልጥ የሚቀርበው፣ ጨፌ ኦሮሚያ ለባህላዊ ፍርድ ቤቶች መቋቋሚያና እውቅና ያወጣው አዋጅ ቁጥር 240/2013 ነው። መሠረቱም የክልል ምክር ቤቶች እንዲህ ያለ እውቅና እንዲሰጡ የሚፈቅደው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 78(5) ነው።

እውቅናው ለሽማግሌዎች ውሳኔ ሕጋዊ ክብደት ይሰጣል። ነገር ግን ሥልጣኑ ከተከራካሪ ፈቃድ ይልቅ ከመንግሥት መዝገብ የሚመነጭ ከመሰለ፣ ሽማግሌው በሕዝብ ዓይን ሹመኛ ይሆናል። ከዚህ የሚከብደው ሌላ ጉዳይ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34(5) በተከራካሪዎች ፈቃድ በባህል ሕግ መዳኘትን የሚጠቅሰው ለግላዊና ለቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ የወንጀልን ነገር አያነሣም። ሽምግልና እጅግ የሚፈለገው ግን ነፍስ ሲጠፋ ነው። ገዳይ እስራቱን ጨርሶ ቢወጣ እንኳ፣ ከሟች ወገን ጋር በጉማ ሥርዓት ካልታረቀ በአንድ ገበያ መዋል፣ በአንድ ለቅሶ መቀመጥ አይሆንለትም።