ድምፅ የማያሰማ የአኳሪየም ውሃ መውረጃና ማጣሪያ

ለመኖሪያ ቤቱ ወይም ለሆቴሉ መቀበያ አዳራሽ አኳሪየም፣ ማለት የዓሣ ማኖሪያ መስተዋት፣ ለማሠራት ወደ መርካቶ የሚወጣ ሰው፤ መስተዋቱን ከአንዱ ሱቅ፣ ቧንቧውን ከሁለተኛው፣ ፓምፑን ከሦስተኛው ይገዛል። እያንዳንዱ ነጋዴ የየራሱን ዕቃ በትክክል ቢሸጥም፤ ዕቃዎቹ አንድ ላይ ከተገጠሙ በኋላ እንዴት እንደሚሠሩ ለገዥው የሚያስረዳው ብዙ ጊዜ አይገኝም። ጉድለቱም የሚታወቀው ሌሊት መብራት ጠፍቶ ውሃው ወለሉ ላይ ሲፈስ ነው፤ ቤቱ ፎቅ የሆነ እንደ ሆነ የታች ጎረቤት ኮርኒስ አብሮ ይበላሻል። ስለዚህ ሻጭም ገዥም የሥራውን ሥርዓት አስቀድመው ቢያውቁት ይጠቀማሉ።

ሥርዓቱ በየቤታችን ካለው የውሃ ታንከር የትርፍ ማፍሰሻ ጋር ይመሳሰላል። ውሃው ከላይኛው መስተዋት ጠርዝ አልፎ በቧንቧ ይወርድና ከሥሩ በተቀመጠው የታች ገንዳ ይጣራል፤ ከዚያም ፓምፕ ወደ ላይ ይመልሰዋል።

ቤተሰቡን የሚያውከው ድምፅ የሚፈጠረው ውሃና አየር በአንድ ቧንቧ ተጋፍተው ሲወርዱ ነው። መድኃኒቱም ሥራውን ለሦስት ቧንቧዎች ማከፋፈል ነው። አንደኛው ቫልቭ የተገጠመለት፣ አየር ሳይገባበት ውሃ ብቻ ሞልቶት የሚወርድ ነው፤ ከሞላ ጎደል ውሃውን ሁሉ የሚሸከመው እርሱ ነው። የታችኛው ጫፉ በገንዳው ውሃ ውስጥ ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር ብቻ ይጥለቅ፤ ከዚህ የበለጠ ቢጠልቅ በውስጡ ያለው አየር በቀላሉ አይወጣም። ሁለተኛው ለአየር ክፍት ሆኖ፤ ከአንደኛው የተረፈውን ቀጭን ውሃ በግድግዳው ላይ እያንሸራተተ ያወርዳል። ሦስተኛው አፉ ከሁሉ ከፍ ብሎ ደረቅ ሆኖ ይጠብቃል፤ የፊተኞቹ በቅጠል ወይም በቀንድ አውጣ ቢደፈኑ ቤቱን ከጎርፍ የሚያድነው እርሱ ነውና ቫልቭ ፈጽሞ አይገጠምበት።

መብራት በጠፋ ጊዜ ፓምፑ ይቆማል፤ ከጠርዙ በላይ ያለው ውሃ ግን መውረዱን አይተውም። ለአስረጅ ያህል፤ ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 40 ሳንቲሜትር በሆነ መስተዋት ውስጥ ውሃው 3 ሳንቲሜትር ዝቅ ቢል 12 ሊትር ይወርዳል። በቧንቧዎቹ ውስጥ ያለውም ስለሚጨመርበት፤ የታች ገንዳው በሥራ ላይ ሳለ ከ12 ሊትር የሚበልጥ ባዶ ስፍራ ሊኖረው ይገባል። የመመለሻው ቧንቧ አፍ ከውሃው ገጽ ብዙ ጠልቆ አይቀመጥ፤ ጠልቆ ከተቀመጠ ፓምፑ ሲቆም ውሃውን ወደ ኋላ ስቦ ያወርደዋል። ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክለውን ቫልቭ ብቻ መታመን አይገባም፤ ጥቂት ቆሻሻ ከያዘው አይዘጋምና።

ማጣሪያው ሁለት ሥራ አለው። ስፖንጁ የሚታየውን ቆሻሻ ይይዛል፤ ብዙ ቀዳዳ ባለው ሸክላ ወይም ድንጋይ ላይ የሚራቡት ባክቴሪያዎች ደግሞ ከዓሣው የሚወጣውን መርዘኛ አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል። እነርሱ እስኪበረክቱ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ስለሚፈጅ፤ በመጀመሪያው ቀን ብዙ ዓሣ ማስገባት ገንዘብን ማባከን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗም፤ ውሃዋ ሊይዝ የሚችለው ኦክሲጅን በእኩል ሙቀት በባሕር ወለል ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። እንግዲህ ድምፁን ስናጠፋ ለዓሣው የሚያስፈልገውን አየር እንዳናሳጣው፤ የመመለሻው አፍ የውሃውን ገጽ እንዲያንቀሳቅስ ሆኖ ይገጠም።

የመስተዋት ነጋዴ በሙቀት የተጠናከረ መስተዋት ሲበሳ እንደሚሰባበር ለገዥው ይንገር። የፓምፕ ነጋዴም በካርቶኑ ላይ የተጻፈው የሊትር መጠን፤ ውሃው የሚወጣበት ከፍታ በጨመረ ቁጥር እንደሚቀንስ ያስረዳ። ገዥው ደግሞ ዓሣ ከማስገባቱ በፊት ሁለት ፈተና ያድርግ፤ ፓምፑ እየሠራ ሳለ መብራቱን ያጥፋ፤ መልሶም ካስነሣው በኋላ የአንደኛውን ቧንቧ ቫልቭ ይዝጋ። በሁለቱም ጊዜ ወለሉ ደረቅ ሆኖ ከቆየ ሥራው ተፈጽሟል። ይህን ለደንበኛው አስቀድሞ የሚነግር ነጋዴ፤ ደንበኛው ወደ ሱቁ የሚመለሰው ለክርክር ሳይሆን ለሁለተኛ ግዢ ይሆናል።