ቁልፉም መዝገቡም በአንድ ሰው እጅ ሲሆን

በደብረ ኤልያስና በአካባቢው ሰኔ ለገበሬው ትንፋሽ የማይሰጥ ወር ነው። የበቆሎው ኩትኳቶና የስንዴው ማሳ ዝግጅት በሚደራረቡበት በዚህ ጊዜ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን ለሦስት ቀን ቢዘጋ፣ የዘር ጊዜ ያልፋል። መጋዘኑ የሚዘጋው ደግሞ ሁልጊዜ ማዳበሪያ ስለጠፋ አይደለም። ቁልፉን የያዘው፣ ማን ስንት ኩንታል እንደከፈለበት በቃሉ የሚያውቀውና ሚዛኑን የሚያስተካክለው ያው አንድ ሰው ለቅሶ ስለሄደ ወይም ስለታመመ ነው። በግል ወፍጮ ቤትም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ባለወፍጮው ደብረ ማርቆስ ለመለዋወጫ ሲሄድ እህል ያመጡ ሴቶች ሸክማቸውን ይዘው ይመለሳሉ።

ሕጉ ይህን ችግር በከፊል አስቦበታል። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 የሥራ አመራር ኮሚቴ የአገልግሎት ዘመን ሦስት ዓመት እንዲሆን፣ አንድ ሰውም ከሁለት ተከታታይ ጊዜ በላይ እንዳይመረጥ ደንግጎ ነበር። አዋጁ በኋላ በቁጥር 985/2009 ተተክቷል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግም አንድ ሰው ብቻውን የግል ማኅበር ሲያቋቁም ቢሞት ወይም ችሎታ ቢያጣ በእርሱ ቦታ የሚተካ ሰው አስቀድሞ እንዲሰይም ያዛል። ነገር ግን ሹመት ሲተላለፍ ዕውቀት አብሮ አይተላለፍም። ኮሚቴው ተለውጦም አዲሱ ሊቀ መንበር አሮጌውን ሰው ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚጠይቅበት ማኅበር ጥቂት አይደለም።

ደብረ ኤልያስ በቅኔ ትምህርቷ የታወቀች ናት፤ ሀዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዷ ነች። በቅኔ ቤት የኔታ ጀማሪውን ሁሉ ራሳቸው አያስጠኑም። በትምህርቱ የገፋው ተማሪ አስነጋሪ ሆኖ ከበታቹ ያሉትን ያስጠናል። ስለዚህ ሥራን ለተተኪ ማስለመድ ለአገሩ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በወፍጮ ቤቱና በመጋዘኑ ግን አልተለመደም።

ባለቤቱ ለምን እንደማይለቅ ቢጠየቅ መልሱ አንድ ነው፤ “ይሰርቁኛል” ይላል። ይህን ፍርሃት የልማት ሠራተኛው ሊያቃልለው አይገባም፤ እውነትነት አለው። መፍትሔው ግን ከወፍጮው ሥር አለመነሣት ሳይሆን መመዝገብ ነው። በናፍታ የሚሠራ ወፍጮ ያለው ሰው ለሁለት ሳምንት ያህል የገባውን እህል በኩንታል፣ የፈጀውን ናፍታ በሊትር ይጻፍ። እህሉም በየዓይነቱ ለየብቻ ይጻፍ፤ በቆሎና ጤፍ እኩል ናፍታ አይበሉም። በዚህ አኳኋን በአንድ ሊትር ስንት እንደሚፈጭ ያውቃል። ከዚያ በኋላ ሄዶ ሲመለስ ናፍታው አልቆ የተመዘገበው ኩንታል ካነሰ፣ ወይ ድንጋዩ ደንዝዞ መወቀር ያስፈልገዋል፣ ወይ ቺንጋው ላልቷል፣ ወይም ሳይጻፍ የተፈጨ እህል አለ። ሦስቱም መታወቅ ያለባቸው ናቸው፤ ባለቤቱ እዚያው ተቀምጦ ቢውል እንኳ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ልብ ላይላቸው ይችላል።

የሥራውን ቅደም ተከተል ባለቤቱ ራሱ እንዲጽፈው ማድረግ ብዙም አይጠቅም። ለዓመታት የለመደውን ስለሚዘነጋ “ሞተሩን አስነሣ” ብሎ ያልፈዋል። ተለማማጁ ይጻፍ። ዘይቱ የሚታየው ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት መሆኑን፣ ቺንጋው እስከምን ድረስ እንደሚጠብቅ፣ ሲበላሽ ማን እንደሚጠራ እየጠየቀ ይመዝግብ። መጻፍ የማይችል ከሆነ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ይጻፍለት።

በማኅበሩ መጋዘን ቁልፍ ያዡ ገንዘብ ተቀባይ አይሁን። በየዕቃው ላይ የገባና የወጣ የሚጻፍበት ካርድ ይንጠልጠል፤ ቆጠራውን ቁልፍ ያልያዘ የኮሚቴ አባል በየወሩ ያድርግ። ምክትሉም ያለ ፈቃድ እስከ ስንት ብር ወጪ ማድረግ እንደሚችል በቃለ ጉባኤ ይወሰን። ይህ ካልተወሰነ ሃምሳ ብር ለማይሞላ ብሎን ሥራ ይቆማል።

ፈተናው ባለቤቱ ሆን ብሎ ሲቀር ነው። መጀመሪያ ገበያ የማይውልበትን አንድ ቀን፣ ቀጥሎ ገበያ የሚውልበትን፣ ከዚያም ሳምንት ሙሉ ይቅር፤ ስልክም አይመልስ። በመጋዘን ይህ ሙከራ ማዳበሪያው ከመድረሱ በፊት፣ በሚያዝያ ቢደረግ ይመረጣል። ሲመለስ ሥራው የቆመበትን ቦታ ሁሉ ተለማማጁ ይንገረው፤ በደብተሩም ላይ ይጨመር።